የዛሬው የቢሮ ላፕቶፕ፣ የነገው የኛ ላፕቶፕ

ስለ አዲስ ላፕቶፕ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቁጥር ነው። ስንት ጊጋኸርዝ፣ ስንት ኮር፣ ስንት ጊጋባይት። እኔም ወደ ቁጥሩ መምጣቴ አይቀርም፤ ነገር ግን አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ከኛ ባች ውስጥ አዲስ የቢዝነስ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ገዝቶ የሚያውቅ ማነው? እጅ አውጡ ብባል እኔ አላወጣም። የአጠገቤም ልጅ አያወጣም። ታዲያ በየዶርሙ አልጋ ላይ ተዘርግተው የምናያቸው ቲንክፓዶች፣ ላቲትዩዶችና ኤሊትቡኮች ከየት መጡ?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ላፕቶፕ በብዛት ይገዛሉ ወይም በኪራይ ይይዛሉ። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው ይቀይሩታል። የተቀየረው በጅምላ ይሸጥና ከፊሉ በዱባይ በኩል ዞሮ እኛ ጋ ይደርሳል። በሱቁ መስታወት ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይቀመጣል። በአንድ በኩል ብዙ ተነካክቷል፣ በሌላ በኩል ግን ጠንካራ ዕቃ ነው። በዚያው ገንዘብ ከሚገኘው አዲስ ግን ፕላስቲክ ላፕቶፕ አሥር እጥፍ እሱን እመርጣለሁ። ማጠፊያው አይላላም፣ ኪቦርዱ አይረግብም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አዲስ የቢዝነስ ላፕቶፕ ስናይ ማየት ያለብን እንደ መጀመሪያው ባለቤት ሳይሆን እንደ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ማለትም ድርጅቱ ሲበላሽ የሚደውልበት ጋራንቲ አለው፤ ሲያረጅበትም ይጥለዋል። ሁለተኛው ባለቤት እኛ ነን። ጋራንቲ የለንም። ያለን ነገር አንድ ትንሽ ዊንዶላይ (ማለቴ ብሎን መፍቻ) እና መርካቶ ወይም መገናኛ ያለ አንድ የምናውቀው ጠጋኝ ብቻ ነው። ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ የሚወሰነው ውሳኔ ከአራት ዓመት በኋላ እኛ ኪስ ላይ ይወድቃል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ14 ጄኔሬሽን 5 የሚባለው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው። በ2025 ስድስተኛው ጄኔሬሽን ተከትሎታል፤ ለኛ ሰፈር ግን ይኼኛው ገና ትኩስ ነው። ለአንድ የክፍል ጓደኛችን አጎቱ ከነካርቶኑ አምጥተውለት ለፕሮጀክት ሥራ ሁለት ሳምንት ያህል አብረን ተጠቀምንበት። እሱ ምስጋና ይግባውና አንዳንዴ ማታ ማታ ለብቻዬ ይተውልኝ ነበር። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍኩት በሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ስሜቴን ልንገራችሁ። ጥቁር ነው፣ አራት ማዕዘን ነው፣ አያምርም። እሰይ! ቲንክፓድ እ.ኤ.አ. በ1992 በአይቢኤም እጅ ሲወጣ ሪቻርድ ሳፐር የተባለው ዲዛይነር የጃፓኖቹን የምሳ ሣጥን አስቦ ነው የቀረጸው ይባላል፤ ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሣጥን ነው። በ2005 ሌኖቮ የአይቢኤምን የፒሲ ክፍል ሲገዛ ብዙ ሰው «አለቀለት» ብሎ ነበር፤ አላለቀለትም። ቀይዋ ጉብታ አሁንም በጂ፣ በኤችና በቢ መሃል ቁጭ ብላለች። ስክሪኑ አሁን 16 በ10 ስለሆነ ከድሮው 16 በ9 ይልቅ ወደ ታች ረዘም ይላል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው አምስት ስድስት መስመር መጨመሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከፈረንጁ በላይ ኪቦርድ ይበላል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በድምፅ አጻጻፍ ስትመቱት ግን አምስት ጊዜ ነው የምትመቱት። አንድ ገጽ አማርኛ ማለት ለጣት ከአንድ ገጽ በላይ ነው። ይህ ኪቦርድ እንደ ድሮዎቹ ጥልቅ ባይሆንም ቁልፉ ሲጫን ይታወቃል፣ ሲመለስም ይታወቃል። ሌላው ለውጥ ደግሞ ለዓመታት ስንጨቃጨቅበት የኖርነው የኤፍኤን እና የኮንትሮል ቦታ ነው። በቲንክፓድ ላይ ኤፍኤን ጥግ፣ ኮንትሮል ወደ ውስጥ ነበር፤ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ሰው ኮፒ ሊያደርግ ሲል ሁልጊዜ ይስታል። በዚህ ትውልድ ኮንትሮል ወደ ጥግ ወጥቷል። የድሮ ባለቲንክፓዶች ተናደዋል አሉ። እኔ ግን የላባችንን ዴስክቶፕ የለመደ እጄ ዐረፈ። አንዳንድ ቁልፎች ላይ ደግሞ ለዓይነ ስውራን በጣት የሚዳሰስ ምልክት አለ። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም፤ ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛ ላለን ግን ትልቅ ነገር ነው።

ጎኑን ስታዩ ደግሞ ሁለት ተንደርቦልት 4፣ ሁለት የተለመደው ዩኤስቢ፣ ኤችዲኤምአይ፣ የኢንተርኔት ገመድ ማስገቢያና የጆሮ ማዳመጫ። ፍላሽ ለመሰካት አስማሚ አያስፈልግም፤ የአዳራሹ ፕሮጀክተር ላይ ለመሰካት ከአስተማሪ አስማሚ መለመን የለም። ስለዚህ ክፍል ሌላ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ወገን መጠንቀቅ ያለበት።

የጓደኛችን ማሽን ላይ «ኮር አልትራ 7» የሚል ተለጥፎበታል። ያየው ሁሉ «ኧረ ሰባት ነው!» ይላል። ሙሉ ስሙ ግን ኮር አልትራ 7 155ዩ ነው። ሰባቱን ተዉትና መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል እዩ። «ዩ» ማለት በትንሽ ኃይል እንዲሠራ የተሰናዳ ማለት ነው፤ መደበኛ የኃይል መጠኑ 15 ዋት ነው። ኮሮቹ 12 ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው 12 ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ግን ጉልበተኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ስምንቱ ቆጣቢ፣ ሁለቱ ደግሞ ከቆጣቢም ቆጣቢ ናቸው። አሁን ስሙ አነስ የሚለውን ኮር አልትራ 5 125ኤች ተመልከቱ። መደበኛ ኃይሉ 28 ዋት፣ ኮሮቹ 14፣ ከነሱም ጉልበተኞቹ አራት ናቸው። ማለትም ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ከባድ ሥራ ላይ «አምስት» የተባለው «ሰባት» ከተባለው ሊበልጥ ይችላል! ይህ ምሥጢር አይደለም፤ አምራቹ ራሱ በዝርዝሩ ላይ ጽፎታል። ግን ተለጣፊው ላይ የሚነበበው ሰባቷ ናት፤ የሱቁ ዋጋ የሚቆመውም በሰባቷ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እነዚህ ማሽኖች ገበያችን ሲሞሉ «ሰባት ነው፣ ትንሽ ጨምር» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ «የመጨረሻዋ ፊደል ምንድናት ወንድሜ?» በሉት።

በእርግጥ «ዩ» ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የሚጽፍ፣ የሚያነብ፣ ትንንሽ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው «ዩ» ቢይዝ ባትሪው ይቆይለታል። ለዚህ ማሽን ከተሰናዱት ባትሪዎች ትልቁ 52.5 ዋት-ሰዓት ነው። ማሽኑ በአማካይ 7 ዋት እየወሰደ ቢሠራ ሰባት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ 50 ዋት ቢወስድ ግን አንድ ሰዓት ብቻ። መብራት በሄደበት ማታ ይህን ሒሳብ በቃል ማወቅ ይጠቅማል።

ሌላው ተለጣፊ «ኤአይ» ነው። ይህ ፕሮሰሰር ኤንፒዩ የሚባል ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራ የተለየ ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሲወጣ «የኤአይ ፒሲ ዘመን» ተብሎ ከበሮ ተደለቀለት። በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት «ኮፓይለት ፕላስ» ለሚላቸው ኮምፒውተሮች መስፈርት ሲያወጣ ግን ኤንፒዩው በሴኮንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት መሥራት አለበት አለ። የዚህኛው 11 ገደማ ነው። አምስት ወር! ከበሮው ድምፁ ሳይጠፋ መስፈርቱ አልፎት ሄደ። ሰው ገና የተገዛበትን ካርቶን ሳይጥል። እኔ ከዚህ የተማርኩት ተለጣፊ ላይ ለተጻፈ ተስፋ ተጨማሪ ብር መክፈል እንደሌለብን ነው።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን የውጭ ጋዜጠኞች አይጽፉልንም። ማንኛውም ቀጭን ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ ይፈነጥዛል፤ ይህ 155ዩ ለአፍታ እስከ 57 ዋት ድረስ እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። ከዚያ ሲግል ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ወደ መደበኛው ይወርዳል። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚያዩት ፍጥነት የፈንጠዝያው ፍጥነት ነው። የፈንጠዝያው ርዝመት ደግሞ የሚወሰነው ማራገቢያው ሙቀቱን ምን ያህል አውጥቶ በመጣሉ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል፤ ማራገቢያው አንድ ዙር ሲዞር የሚያወጣው ሙቀት እዚህና ዱባይ አንድ አይደለም። በአንጻሩ ደጋ ስለሆንን የክፍላችን አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ይህ ያካክሰዋል። ድሬዳዋ ያለ ተማሪ ደግሞ ከፍታው ይሻለዋል፣ ሙቀቱ ግን ይብስበታል። የዝርዝር መግለጫው ላይ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ይሠራል የሚል ስላለ ማሽኑ ይበላሻል ብላችሁ አትስጉ። እኔ የምለው፣ እኛ ጋ የማራገቢያ አቧራ ማጽዳት ቅንጦት አይደለም፤ ለማጽዳት ደግሞ ማሽኑ መከፈት አለበት።

ይኸው ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማሽኑ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?

ጓደኛችን መጀመሪያ ፈራ። «አጎቴ ቢሰማ ይገድለኛል» አለ። ቢሆንም ሦስተኛው ቀን ላይ ገልብጠን ከፈትነው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ከክዳኑ አይወጡም፤ እዚያው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ይህ ለፈረንጅ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። በዶርም ብርድ ልብስ ላይ ብሎን ፈትቶ ለሚያውቅ ሰው ግን በረከት ነው። ክዳኑ ሲነሳ ሁለት የራም ማስገቢያ፣ ሁለቱም ክፍት፣ ሁለቱም በእጅ የሚነቀሉ። የጓደኛችን ማሽን በአንዱ 16 ጊጋባይት ይዟል፣ ሌላው ባዶ ነው። እስከ 64 ጊጋባይት ይወስዳል። ኤስኤስዲው በብሎን የተያዘ ነው፣ ይቀየራል። ባትሪው በማጣበቂያ አልተለጠፈም፣ ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይረው ታስቦ የተሠራ ነው። አይፊክስኢት የተባለውና ዕቃ እየፈታ ለጥገና ቅለቱ ነጥብ የሚሰጠው ተቋም በዲዛይኑ ላይ ከአምራቹ ጋር ሠርቶ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቶታል።

ለምን እንዲህ እንደምገረም የሚገባው የኋላውን ታሪክ ለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ቲ480 ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ሱቅ ውስጥ በክብር የሚጠራ ማሽን ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ ነበረው። ባትሪውም ሁለት ነበር፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከሥር በጣት ተገፍቶ የሚወጣ። ማሽኑ ሳይጠፋ የውጪውን ባትሪ መቀየር ይቻል ነበር። በዓመቱ ቲ490 ሲመጣ የውጪው ባትሪ ቀረ፤ ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎች አንዱም ቀረና ያኛው ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበየደ። ከዚያ እስከ 2023 ድረስ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቢያንስ ከፊሉ ራም የተበየደ ነበር። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተበየዱ ናቸው። በ2024 ሁለቱም ማስገቢያ ተመለሰ። የውጪው ባትሪ አልተመለሰም፤ እሱን አሁንም እናለቅስለታለን።

የተበየደ ራም ምን ማለት እንደሆነ እስቲ በኛው ኑሮ ላስረዳ። አንዲት የባችችን ልጅ (ስሟንም የማሽኑንም ስም አልጠራም) ሦስተኛ ዓመት ላይ ቀጭን፣ ቀላል፣ የሚያምር ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛች። 8 ጊጋባይት ራም አለው። አንደኛ ዓመት ላይ የምንሠራውን ሲ ፕላስ ፕላስ ቢሆን ኖሮ ይበቃት ነበር። አራተኛ ዓመት ላይ ግን የሞባይል አፕሊኬሽን ፕሮጀክት መጣ። አንድሮይድ ስቱዲዮን ከፍታ ኢሙሌተሩን ስታስነሳ፣ ከጎን ብሮውዘር ስትጨምር፣ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል። ጠጋኝ ጋ ወሰደችው። ከፍቶ አየና «እህቴ፣ ይሄ አይጨመርም፣ ቦርዱ ላይ ነው» አላት። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ባትሪው እንኳ ደህና ነው። የጎደላት አንዲት ጣት የምታክል ራም ብቻ ነበረች። ላፕቶፑን በኪሳራ ሸጣ ወፍራምና ከባድ ገዛች። ወፍራሙ ላይ ራም ጨመረች፤ ፕሮጀክቷን ጨረሰች።

ሁለተኛ ራም መጨመር ደግሞ መጠን ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሁለት መስመር ነው፤ አንድ ራም ብቻ ሲኖር ግማሹ መንገድ ባዶውን ይቀመጣል። በተለይ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ ይህን መንገድ ስለሚጋራ ሁለተኛው ሲገባ ልዩነቱ ይታያል። ስለዚህ ያቺ ባዶ ማስገቢያ ለጓደኛችን የቁጠባ ደብተር ናት። ዛሬ ገንዘብ የለውም፤ ሲያገኝ ይጨምራል።

እርግጥ የሌላውን ወገን ክርክር ማፈን የለብኝም። ራምን የሚበይዱት በክፋት ብቻ አይደለም። ኤልፒዲዲአር5ኤክስ የሚባለው ዓይነት በጣም ፈጣን ነው፣ ኃይልም ይቆጥባል፤ ግን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ተጠግቶ መቀመጥ ይፈልጋል፤ በተለመደው ረጅም ማስገቢያ አይሆንለትም። ስለዚህ ከባትሪ ዕድሜና ከመጠገን አንዱን ምረጡ ይሉናል። የኤሌክትሪካል ዲፓርትመንት ጓደኞቼ በዚህ ሲከራከሩኝ ልክ ናቸው እላቸዋለሁ። ነገር ግን ምርጫው ሁልጊዜ የግድ አይደለም። በዚያው በ2024 የወጣው ቲንክፓድ ፒ1 ጄኔሬሽን 7 ኤልፒካም2 በሚባል አዲስ ዓይነት ማስገቢያ ያንኑ ፈጣን ራም በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ አድርጎ አቅርቦታል። ማለትም ይቻላል። የቀረው ፍላጎት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ በዕቃዎች ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች ከ2027 ጀምሮ በተጠቃሚው ሊነቀሉና ሊቀየሩ የሚችሉ እንዲሆኑ ደንግጓል። እዚያ የወጣ ሕግ እዚህ መገናኛ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይለውጣል፤ እኛ ድምፅ ባንሰጥበትም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የቢዝነስ ላፕቶፕ ዋና መመኪያው የሆነው ሴኩሪቲ። ለመጀመሪያው ባለቤት ጥሩ ነው። ማሽኑ ቢሰረቅ ሌባው እንዳይጠቀምበት ባዮሱ ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ይደረጋል። ቲንክፓድ ላይ ይህ ፓስወርድ ከጠፋ አምራቹ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። አስቡት! ድርጅቱ ማሽኑን ሲያስወግድ ፓስወርዱን ሳያነሳ ከቀረ እኛ ጋ የሚደርሰው የተቆለፈ በር ነው። ዊንዶውስ ይነሳል፣ ሱቅ ውስጥ ምንም አይታይም። ቤት ወስዳችሁ ሊኑክስ ልጫን ብላችሁ ባዮስ ስትገቡ ግን የቁልፍ ሥዕል ይመጣባችኋል። ሌላም አለ፤ ድርጅቱ ማሽኑን በኢንተርኔት መዝግቦት ከሆነ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭናችሁ ኢንተርኔት ስትሰኩ «ወደ እገሌ ኩባንያ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የሠራተኛ አካውንት ይጠይቃችኋል። ዶርም ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የማታውቁት ኩባንያ ሠራተኛ ሆናችሁ ማለት ነው፤ ያለ ደመወዝ። ስለዚህ ዩዝድ ስትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ባዮስ ግቡ። ሻጩ «ምን ልታደርግ ነው?» ካለ ራሱ መልስ ነው።

የጊዜውም ነገር አሳሳቢ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ጄኔሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3ና ጂ4፣ ዴል ላቲትዩድ 7480፣ ቲንክፓድ ቲ470፣ እነዚህ ሁሉ ደህና የሚሠሩ ማሽኖች ከመስመሩ ውጪ ቀርተዋል። ቲ480 በአንድ ጄኔሬሽን ልዩነት ተረፈ። ውጪ የቀሩትን መጣል አለብን ወይ? በጭራሽ! ኡቡንቱ ይጫንባቸውና ገና ይሠራሉ፤ የኛ ዲፓርትመንት ተማሪ ሊኑክስን ካልጫነ ማን ሊጭን ነው? ነገር ግን እነሱን አሁን ድረስ በሕይወት ያቆያቸው ምን እንደሆነ አስተውሉ። ራም ይጨመርላቸዋል፣ ዲስካቸው ወደ ኤስኤስዲ ይቀየራል፣ ባትሪያቸው ይገኛል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የኖሩት ስለሚከፈቱ ነው።

እንግዲህ ስለ ቲ14 ያለኝ አስተያየት ምንድነው? ወድጄዋለሁ። የወደድኩት ግን «ሰባት» ስለተጻፈበት አይደለም፤ ለፍጥነት ብቻ ቢሆን «ኤች» ያለበትን እመርጥ ነበር። ስክሪኑን በተመለከተ ዝቅተኛው ምርጫ የቀለም ስፋቱ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ ነው፤ ፎቶና ግራፊክስ የሚሠራ ሰው በዚያ አይሸወድ፣ ከፍ ያለውን ይጠይቅ። የወደድኩት ከአራት ዓመት በኋላ አንድ የማላውቀው የዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ ማሽን በሩብ ዋጋ ሲገዛው ራም ሊጨምርበት፣ ባትሪ ሊቀይርበት፣ አቧራውን ሊጠርግበት ስለሚችል ነው።

ለዲፓርትመንታችን ኃላፊዎችም በዚሁ አጋጣሚ በአክብሮት አንድ ነገር ላቅርብ። ለላብ ወይም ለመምህራን ላፕቶፕ በጨረታ ሲገዛ መስፈርቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው «ኮር አይ7 ወይም ከዚያ በላይ፣ 16 ጊጋባይት ራም» የሚል ነው። በዚህ ቃል ተጫራቹ በጣም ቀጭኑን፣ ሁሉ ነገሩ የተበየደውን አምጥቶ መስፈርቱን አሟልቻለሁ ቢል ማን ይከለክለዋል? «ሁለት ክፍት የራም ማስገቢያ ያለው፣ ባትሪውና ኤስኤስዲው በተጠቃሚው የሚቀየር፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል የተጠቀሰ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ወጪ የለውም። ሲወገድም ባዮሱ ፓስወርድ ተነስቶ ይወገድ። አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ለሃርድዌር ጥገና ኮርስ ልምምድ ማሽኖቹን በዓመት አንዴ ከፍተን ብናጸዳ ደግሞ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ነው፤ እኔ ስሜን ቀድሜ አስመዘግባለሁ።

በዚህ የማይስማማ፣ በተለይም «ቀጭን ላፕቶፕ ለምን ትንቃለህ» የሚል ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ። ጓደኛችን ግን ባዶዋን ማስገቢያ የሚሞላ 16 ጊጋባይት ዲዲአር5 እየፈለገ ስለሆነ፣ ርካሽ ያየ መልስ ከመጻፉ በፊት ለሱ ይንገርልን።